ገና ላልተሠራ መኪና የተደገሰ ሠርግ

እኔና እናንተ መሥሪያ ቤት ስንለቅ ነገሩ በሹክሹክታ ያልቃል። ማመልከቻ እናስገባለን፣ ክሊራንስ ይዘን ከቢሮ ቢሮ እንንከራተታለን፣ ንብረት ክፍል ከአምስት ዓመት በፊት የወሰድነውን የወረቀት መብሻ አምጡ ይለናል፣ ከዚያ ቡና ተፈልቶልን እንሰናበታለን። የፎርሙላ ዋን ሾፌሩ ሉዊስ ሃሚልተን ግን መርሴዲስን ትቶ ፌራሪ እንደሚገባ ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ነው (ከዚህ በኋላ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የዓመቱ ውድድር ገና አልተጀመረም። ከመርሴዲስ ጋር የነበረውን ውል ካደሰም መንፈቅ አልሞላውም። ይህን ተናግሮ ሲያበቃ በዚያው ቤት 24 ውድድር ነዳ!

ፍቺያቸው ጸድቆ ሌላ ቤት እስኪገኝ አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ባልና ሚስት ታውቁ ይሆናል። ጠዋት ሰላምታ አለ፣ ማታ ራት አለ፣ ስለ መጪው ዓመት ወሬ ከተነሳ ግን አንዱ ተነስቶ በር ይዘጋል። በዚህ ስፖርትም ወጉ ያው ነው፤ የሚሄድ ሾፌር የከርሞውን መኪና ምስጢር ይዞ እንዳይሄድ ወሬው ከፊቱ ይሸሻል። የሚያስቀው ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ድል ርቆት የነበረው ሰውዬ በዚያው የፍቺ ዓመት፣ ጁላይ ላይ፣ በገዛ አገሩ ሲልቨርስቶን አሸንፎ እንባውን አፈሰሰ። "እንዲህ ከሆነ ለምን ተፋቱ?" አለ በፌራሪ ከመጡበት የማይታገሰው ወዳጄ። ጥያቄው የቅናት ነበር።

ሠርግ ሲደገስ ደግሞ ቦታ የሚለቅ አይጠፋም። ለሃሚልተን መቀመጫ ሲባል ካርሎስ ሳይንዝ ከፌራሪ እንደሚሰናበት ተነገረው። ሳይንዝ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ በሁለት ሳምንቱ አውስትራሊያ ሄዶ አሸነፈ። የተባረረ ሠራተኛ እንዲህ ሲሠራ የአለቆቹን ፊት ማየት ነው።

ጃንዋሪ 2025 ሙሽራው የፌራሪ መንደር ማራኔሎ ደረሰ። ጥቁር ሱፍና ካፖርት ለብሶ፣ ከመሥራቹ ከኤንዞ ፌራሪ አሮጌ ቤት ፊት፣ ከአንድ ቀይ ኤፍ 40 መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ዓለምን አጥለቀለቀ። ወዳጄም የስልኩን ገጽ በዚያ ፎቶ ቀየረ፤ ባለቤቱ ከልጆቿ ጋር የነበረችበት ምስል ነበር ቦታውን የለቀቀው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሾፌር ሲፈርም የሚነዳው መኪና በዓለም ላይ የለም። ሃሚልተን ቃሉን ሲሰጥ የ2025ቱ ፌራሪ አንድ ብሎን አልታሰረለትም ነበር። በርበሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ቀንጥሶ ቀምሶ ነው፤ ሾፌሩ ግን የሚያየው ቀለሙን፣ የሚሰማው ስሙንና የአማላጁን አንደበት ብቻ ነው።

አማላጅ ስል የድሮው ሻምፒዮን ኒኪ ላውዳ ትዝ አለኝ። በ2012 ሃሚልተን ማክላረን ውስጥ ነበር። መርሴዲስ በበኩሉ በሦስት ዓመት አንድ ውድድር ብቻ ያሸነፈ ቤት ነበር። ላውዳ ያችን ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ ለሽምግልና ተላከ። ሴፕቴምበር ላይ በሲንጋፖር ሃሚልተን እየመራ ሳለ የማክላረኑ ካምቢዮ ከዳው፤ በአምስተኛው ቀን መርሴዲስ መግባቱ ተነገረ። ያን ጊዜ የሳቀው ሰው ብዛት! እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የምትለዋን ተረት ከኪሴ አውጥቼ ለሰማኝ ሁሉ አደልኩ። በ2014 መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን ሲያሸንፍ ተረቷን ቀስ ብዬ ወደ ኪሴ መለስኳት። ሃሚልተን እዚያ ቤት ስድስት ዋንጫ በላ። ማክላረን ከ2012 በኋላ እስከ 2021 ድል የሚባል አላየም። እኔ ምን እያልኩ ነበር? "መሄድ እንዳለበት ያን ጊዜውኑ አውቄ ነበር" እያልኩ። ወዳጄም እንዲሁ። የመኪና እሽቅድምድም ነቢይ ሁሉ ትንቢቱን የሚናገረው ባንዲራው ከተውለበለበ በኋላ ነው።

በ2025 ተረቷ እንደገና ከኪስ ወጣች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰመረ፤ ሻንጋይ ቅዳሜ በተካሄደው አጭር ውድድር ሃሚልተን አሸነፈ፣ ወዳጄ ቤት እልልታ ሆነ። በነጋታው እሑድ የመኪናው ሆድ ሥር ያለችው ጣውላ ከተፈቀደው በግማሽ ሚሊ ሜትር ግድም ተፍቃ ተገኘችና ውጤቱ ተሰረዘ። ማያሚ ላይ አለቆቹ ከሁለቱ ሾፌሮቻቸው ማን ይቅደም ብለው ሲያመነቱ፣ እስቲ እግረ መንገዳችሁን የሻይ ዕረፍት ውሰዱ ብሎ በሬዲዮ አሾፈባቸው። ሃንጋሪ ላይ የቡድን ጓደኛው ሻርል ሌክሌር አንደኛ ሆኖ ሲሰለፍ እርሱ 12ኛ ወጣና፣ ቡድኑ ሾፌር ቢቀይር ይሻላል አለ። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ስለ ራሱ! ዓመቱ ሲያልቅ በዋናው ውድድር አንዲት ጊዜ እንኳ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ደረጃ ውስጥ አልገባም፤ በሕይወቱ ያልገጠመው ነው። የተባረረው ሳይንዝ ዊሊያምስ ገብቶ ሁለቴ ሦስተኛ ወጣ። መርሴዲስ በሃሚልተን ወንበር ያስቀመጠው የ18 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅም ሦስት ጊዜ መድረኩ ላይ ቆመ።

ወዳጄ ግን የስልኩን ፎቶ አልቀየረም። "ጣሊያኖቹ መኪናውን ለሌክሌር ነው የሰፉት" ይላል፣ ኮት ይመስል።

ይህ ሁሉ ግን ከፈርናንዶ አሎንሶ ታሪክ ጋር ሲተያይ የጀማሪ ሥራ ነው። አሎንሶ የሬኖን ቤት (ዛሬ አልፒን የሚባለውን) ሦስት ጊዜ፣ የማክላረንን ቤት ሁለት ጊዜ አግብቶ የፈታ ሰው ነው። ማክላረን እንደሚገባ በ2005 መጨረሻ ተናግሮ የ2006ን ዋንጫ በሬኖ ወሰደ፤ በፍቺ ዓመት ማሸነፍን ያስተማረ እርሱ ነው። በ2007 ማክላረን ሲገባ አንድ ጀማሪ ልጅ ጎኑ ተቀመጠ፤ ስሙ ሉዊስ ሃሚልተን። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ሲተናነቁ ሁለቱም በአንድ ነጥብ ተበልጠው ዋንጫው ለኪሚ ራይኮነን ሆነ። ራይኮነን ማን ነው? በዚያው ዓመት ማክላረንን ለቆ ፌራሪ የገባው! አሎንሶ በዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ድሮው ቤት ተመለሰ።

በ2022 ኦገስት ላይ ደግሞ ሴባስቲያን ቬትል ጡረታ እወጣለሁ ባለ በቀናት ውስጥ አሎንሶ አልፒንን ትቶ የእርሱን ወንበር፣ አስቶን ማርቲንን፣ ያዘ። የአልፒን አለቃ ወሬውን የሰማው እንደኛው ከመግለጫው ነው። ደንግጠው በማግሥቱ ኦስካር ፒያስትሪ ሾፌራችን ነው ብለው ለፈፉ፤ ፒያስትሪም በሰዓታት ውስጥ እኔ ለእናንተ አልነዳም ብሎ አደባባይ ወጣ። ልጁ ለካ ከማክላረን ጋር ተፈራርሞ ሁለት ባላ ተክሎ ኖሯል፤ ጉዳዩ የውል ዳኞች ዘንድ ደርሶ ለማክላረን ተፈረደ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሁለቱንም ሙሽራ ማጣት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ከሁሉ የምወድለት ግን የሆንዳን ነገር ነው። አሎንሶ በ2015 ፌራሪን ትቶ ማክላረን ሲመለስ የጠበቀው የሆንዳ ሞተር ነበር። ሞተሩ ደካማ ሆነ። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ፣ በሆንዳ በራሱ ሜዳ ሱዙካ ላይ፣ ባለቤቶቹ እየሰሙ፣ ይህ ሞተር የበታቹ ውድድር ሞተር ነው ብሎ በሬዲዮ ጮኸ። አራት ዓመት መድረክ ሳያይ ወጣ። ማክላረን ሆንዳን አባረረ፤ ሆንዳ ሬድ ቡል ቤት ሄዶ በ2021 ማክስ ቬርስታፐንን ሻምፒዮን አደረገ። አሎንሶ ያን ሁሉ አይቶ፣ ዞሮ ዞሮ አስቶን ማርቲን ተጠለለ፣ ውሉንም እስከ 2026 አራዘመ።

ለ2026 አስቶን ማርቲን የማንን ሞተር መረጠ? የሆንዳን።

የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ወዳጄን "አሎንሶ የሆንዳን ሰዎች መጀመሪያ ሲያገኛቸው ምን ብሎ ሰላም አላቸው ይሆን?" ብዬ ጠየቅኩት። ቡናውን ፉት አለና፣ "እንደምን ከረማችሁ ነዋ" አለኝ። "እነሱ እንደሆኑ ዘንድሮ መጀመሪያ የሚፈትሹት ሞተሩን አይደለም፤ ሬዲዮኑን ነው።"