እሹሩሩ ለባክቴሪያ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጀርም ሳሳድድ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሳኒታሪያንነት ተመርቄ፣ በእግርም በበቅሎም ወረዳ ለወረዳ እየዞርሁ «ውሃ አፍሉ፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ መሬት ላይ አትትፉ» ስል ጉሮሮዬ ደርቋል። በስንቱ ምንጭ ክሎሪን እንደጨመርሁ፣ የስንቱን ሥጋ ቤት ጠረጴዛ በበረኪና እንዳስፈገፈግሁ እግዜር ያውቃል። ጡረታ ወጥቼ አረፍሁ ስል የገዛ የልጅ ልጄ፣ ያውም የትምህርት ቤት ክፍያዋን እኔው የከፈልሁላት፣ ጀርም አርቢ ሆና መጣችልኝ። ንብ አርቢ ዘመድ አለኝ፤ ከብት አርቢም ሞልቷል። ጀርም አርቢ ግን በዘራችን አልነበረም።

ለማስተርስ ጥናቷ ነው አሉ። ስታርች የሚበጣጥስ ኢንዛይም፣ አማይሌዝ የሚባል፣ የሚሠሩላት ባክቴሪያዎች ታሳድጋለች። ከየት አመጣሻቸው ብላት ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ጓሮ! ዱቄት ሲረግፍበት የኖረ አፈር ዱቄት በሊታ ተህዋስ አያጣም ብላ፣ በማንኪያ ዝቃ በፌስታል ቋጥራ ወስዳለች። ያን ጓሮ አስጸዱልኝ ብዬ ስንቴ ደጅ እንደጠናሁ! ለካ ለሳይንስ ሲጠበቅ ነው።

አፈሩን በውሃ በጥብጣ በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሞቀችው። «ሌላው ይሞታል፤ እኔ የምፈልገው ባሲለስ ግን ስፖር ሆኖ ይተርፋል» ትላለች። ስፖር ማለት ተህዋሱ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚከተትበት ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ ካልታፈነ በቀር ተራ የፈላ ውሃ አይበግረውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ግን «አፍሉት፣ ይሞታል» ስል ስለ ስፖር ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ሕዝቡን የሚፈጀው የተቅማጥ ጀርም በፈላ ውሃ ይሞታላ! እሷ ግን እራት ላይ፣ እንግዳ በተቀመጠበት፣ «አባባ ያላስተማሩት ነገር» ብላ ተረከችው።

አንድ ቀን ላሳይዎት ብላ ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። ጠርሙሶቹ ሼከር በሚሉት ማሽን ላይ ተደርድረው፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት በደቂቃ 150 ጊዜ ይወዛወዛሉ። ሁለት ቀን ሙሉ! አየር እንዲያገኙ ነው አለች። እኔ ያየሁት ግን እሹሩሩ ነው። እኔ በሐምሌ ብርድ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ስንቀጠቀጥ ጉልበቴን የሚያሽልኝ የለም፤ ለወፍጮ ቤት ጀርም 37 ዲግሪ! እቤታችን መብራት ጠፍቶ የፋሲካ ሥጋ ሲበላሽ አንድም ሰው አላዘነም። ግቢያቸው መብራት የጠፋ ለት ልጅቱ እህል አልቀመሰችም።

አበላላቸውን ስትነግረኝ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጆሮዬን ሰጠኋት። ስታርች ስኳር እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ የተሠራ ሰንሰለት ነው፤ በባክቴሪያው ግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ ባክቴሪያው አማይሌዙን ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሰንሰለቱ ውጭ ይበጣጠሳል፤ እሱ ጣፋጩን ፍርፋሪ ይመጥጣል። ያለ ጥርስ! እኔ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ከላላ ወዲህ ቆሎ በዓይኔ ብቻ ነው የምበላው። ደግሞም ለጋስ ብትሆንና ግሉኮስ ብትቀልባቸው ኢንዛይሙን መሥራት ይተዋሉ። የተፈጨ እያለ ማን ይፈጫል? ወንድሙ ከአሜሪካ ዶላር መላክ ከጀመረለት ወዲህ ከአልጋው የማይወርደው የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ ኢንዛይሙ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ ባክቴሪያዎቹ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክረው ሲዘቅጡ ውሃው ይቀዳል፣ እነሱ ይጣላሉ። አሠርቶ አሠርቶ መጣል እንዴት እንደሆነ ለጡረተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለቤቴን ምንም አልገረማትም። «ብቅል ነዋ!» አለች። እውነቷን ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲበቅል ያንኑ አማይሌዝ ያወጣል፤ የጠላው እርሾ የሚያገኘው ስኳር ከዚያ ነው። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳዮች ይህን ነገር ከብቅል ለይተው ያወጡት በ1833 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የእኛ መሳፍንት እርስ በርስ ይፋጁ ነበር፤ ወይዛዝርቱ ግን ጠላቸውን ይጠምቁ ነበር። «ታዲያ ብቅል እያለ ጀርም ምን ይሠራል?» ብትላት ልጅቱ መቼ መልስ ታጣለች! ባክቴሪያ እርሻም ዝናብም አይፈልግም፣ በሁለት ቀን ይደርሳል። ፋብሪካው ከበቆሎ ስታርች ሽሮፕ ለማውጣት፣ ጨርቅ ሲሸመን ድሩ እንዳይበጠስ የተቀባውን ስታርች ለማስለቀቅ፣ ለልብስ ሳሙናም ይፈልገዋል። «የገንፎ እድፍ ያስለቅቃል» ስትል ብቻ ባለቤቴ ቀና አለች።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ብርጭቆ ይዛ መጣችና «አባባ፣ እዚህ ላይ ይትፉልኝ» አለችኝ። እኔን! «አትትፉ» የሚል ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ስለጥፍ የኖርሁትን ሰውዬ! ምራቅም አማይሌዝ አለውና ለማወዳደሪያ ነው አለች። ተፋሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ስታርች ያለበት አጋር በረጋባት ሰሃን ላይ አራት ቀዳዳ በሳች። በሁለቱ ምራቄንና የጀርሞቿን ውሃ፣ በሁለቱ ደግሞ ያንኑ በ70 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቃ ጨመረች። በማግስቱ ለቁስል ያስቀመጥሁትን አዮዲን አፈሰሰችበት። ጀርም ልገድልበት የገዛሁት አዮዲን ጀርም ምን ያህል እንደበላ መለኪያ ሆነ! ሰሃኗ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቆረች። ስታርቹ የተበላበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። ያልሞቀው ምራቄ ደህና ክብ ሠርቷል፤ አላሳፈረኝም። የሞቀው ምራቄ ግን ምንም። ድፍን ጥቁር። የወፍጮ ቤቱ ጀርም ከሙቀቱም ወጥቶ እንደ ሙሉ ጨረቃ አብርቷል። ፎቶ አንስታ ለጥናቷ ወሰደችው። ስሜ አልተጻፈም እንጂ ከሥሩ «የ78 ዓመት ወንድ ምራቅ» ይላል።

ያም ሆኖ ሥራዋን ስትጨርስ እቤት ያመጣቻቸውን ሰሃኖች እንዳስወግድላት ለመነችኝ። አሮጌ ጋውኔን አወጣሁ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጠበጥሁ፣ ሰሃኖቹን እያገላበጥሁ ደፈቅሁ፣ ሌሊቱን እዚያው እንዲያድሩ ፈረድሁባቸው። ከጡረታዬ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት በረዶ ቤቱ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን፣ አውራ ጣት የማታክል ብልቃጥ አየሁ። «አባባ 3» ተብሎ ተጽፎባታል። የዩኒቨርሲቲው መብራት ስለማያስተማምን ነው አሉ፤ ግሊሰሪን ተጨምሮባት በብርድ ከተኛች ዓመታት ትቆያለች። ማን ፈቀደ ብዬ ብጮህ ባለቤቴ ብቅሏን ከማስጣት ቀና እንኳ ሳትል «እኔ ነኝ፤ ቦታ አትይዝም» አለች።