ሲሲሊያን በሦስት ግልባጭ

እ.ኤ.አ. በ1955 በስዊድኗ ጎተንበርግ ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮና ማጣሪያ ይካሄድ ነበር። 14ኛው ዙር ላይ ሦስት አርጀንቲናውያን ከሦስት ሶቪየቶች ጋር በአንድ ቀን ገጠሙ፤ ፓኖ ከጌለር፣ ናይዶርፍ ከኬረስ፣ ፒልኒክ ከ18 ዓመቱ ስፓስኪ። ሦስቱም አርጀንቲናውያን ጥቁር ደርሷቸዋል።

ታዲያ ወዳጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቁጭ ብለው አንድ ወጥመድ ለሦስት ቀመሩ። መክፈቻው ሲሲሊያን፣ ያውም በናይዶርፍ ስም የሚጠራው ዓይነት። ባለቤቱ አብሮ እያለ ምን ያስፈራል! 9ኛው እርምጃ ላይ ወታደራቸውን ወደ ጂ5 ገፍተው ያስበላሉ፤ በምላሹ ፈረሳቸው መሀል ላይ፣ ኢ5 ተደላድሎ ይቀመጣል። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ።

ሶቪየቶቹ ግን ፈረሱ ሳይደላደል የራሳቸውን ፈረስ ሠውተው የጥቁሩን ንጉሥ በር ሰበሩ። ናይዶርፍ ወደ ጌለር ጠጋ ብሎ ጨዋታው እንዳለቀለት፣ ሁሉንም ቀድመው እንዳጠኑት ነግሮት ነበር ይባላል። ለተጋጣሚ እንዲህ የሚያስብ ደግ ሰው ከየት ይገኛል?

ጌለር አቀርቅሮ ቆየና 13ኛው እርምጃ ላይ ጳጳሱን ቢ5 አኖረው፤ የጥቁር ወታደር አፍ ውስጥ ማለት ነው። ኬረስና ስፓስኪ አንገታቸውን አስግገው አዩና እነሱም ጳጳሳቸውን እዚያው አስቀመጡ። በቼዝ አዳራሽ የጎረቤትን ሰሌዳ አትይ የሚል ፈታኝ የለም። አንድ ጥያቄ ለሦስት ተፈታኝ የሰጠ ሰው፣ አንዱ ጎበዝ ሲመልስ ሦስቱም እንደሚያልፉ እንዴት ይጠፋዋል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ የዚያን ዕለት ሌላ መክፈቻ ቢጫወት ምን ነበረበት!

ፓኖ ፈረሱን ወደ ተመኙት ኢ5 አመጣ። ሁለቱ ንጉሣቸውን ጂ7 ሸሸጉ። ሦስቱም ተሸነፉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በዩጎዝላቪያዋ ፖርቶሮዥ፣ የ15 ዓመቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር ከአገሬው ተጫዋች ከግሊጎሪች ጋር ሲገጥም ያንኑ መስመር መዝዞ አወጣ። ጳጳሱ ቢ5 ሲደርስ ሩኩን አንድ ቤት ብቻ ገፋው፤ ኤች7። አቻ ተለያዩ። ሦስት ሊቃውንት መክረው ባዶ እጃቸውን በወጡበት፣ በናይዶርፍ ስም በሚጠራው መክፈቻ፣ ግማሽ ነጥብ ይዞ የሄደው የብሩክሊን ተማሪ ሆነ።