የመጀመሪያው ሰዓት አባቶች

ናይሮቢ የሚኖር የሐበሻ አባት ለልጁ ፕሌይስቴሽን የሚገዛው ልጁ እንዲጫወት ብሎ አይደለም፤ ከደጅ እንዲያስቀርለት ነው። ኢስሊ ውስጥ በየጨዋታው የሚያስከፍሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሞልተዋል። ልጁ እዚያ ሼንግ ይማራል፣ ከማታቱ ረዳቶች ጋር ይወዳጃል፣ የኪሱን ሽልንግ አራግፎ ይመለሳል። ስለዚህ አባት ሉቱሊ ጎዳና ወርዶ፣ ተከራክሮ፣ በኤምፔሳ ከፍሎ፣ ያገለገለ ማሽን ተሸክሞ ይመጣል። በዚያው የአባትነቱን ሒሳብ እንደዘጋ ይቆጥረዋል።

አብሮ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፊፋ ነው። አንዳንዴ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር» ይመጣል። እናት «የጦርነት አምላክ» ማለት መሆኑን ስትሰማ ታማትባለች። አባት ሽፋኑ ላይ ያለውን የዕድሜ ገደብ አላየም፤ ሻጩ «የአባትና የልጅ ታሪክ ነው» ስላለው ልቡ ሞልቷል። ሻጩም አልዋሸም።

ባለታሪኩ ክሬቶስ በ2005 በጀመረው ተከታታይ ጨዋታ የግሪክን አማልክት የፈጀ፣ የገዛ አባቱን ዜኡስን ሳይቀር የገደለ ጉድ ነው። በ2018ቱ ወደ ሰሜን አገር ተሰዶ፣ ሚስቱ ሞታበት፣ አመዷን ከሁሉም ከፍ ካለው ተራራ ላይ ሊበትን ከልጁ ከአትሬዩስ ጋር ይጓዛል። ስለ ድሮ አገሩ ለልጁ ትንፍሽ አይልም። በስሙም እምብዛም አይጠራውም። ስደተኛ ነው ማለት ነው፤ ያውም የእኛው ዓይነት።

መጀመሪያ አደን ይወጣሉ። ልጁ ቸኩሎ አጋዘኑን ሲስት ይቆጣዋል፣ ቀስቱንም ይነጥቀዋል። በኋላ ጀርባውን ሊዳብስ እጁን ይሰድና መልሶ ይሰበስበዋል።

የእኛ ሰው ከሱቅ የሚገባው ልክ እዚህ ላይ ነው። የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ከሶፋው ጀርባ ይቆማል። «አየህ? አባት ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። ፈረንጅ በመጨረሻ የቅጣትን ጥቅም ገባው ብሎ ደስ ይለዋል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለጓደኞቹ ሳይቀር ያወራዋል። ከዚያ ስልኩ ይጠራል፣ ይወጣል። ክሬቶስን የሚያውቀው እስከዚህ ነው።

ከወጣ በኋላ የሆነውን ልጁ ብቻ ያውቃል። አትሬዩስ በጠና ይታመማል፤ ሕመሙም አባቱ ከደበቀው ማንነቱ የመጣ ነው። ያ ኮስታራ አባት መድኃኒት ፍለጋ ይንከራተታል፣ በመጨረሻም አምላክ መሆናቸውን አፍ አውጥቶ ይነግረዋል። አርፍዶ የተነገረ እውነት ደግሞ ጣጣ አያጣም፤ ልጁ ለጊዜው ልቡ አብጦ የማይቻል ይሆናል። ወደ ማብቂያው ክሬቶስ አባቱን እንደገደለ ለልጁ ይናዘዛል። በ2022 በወጣው «ራግናሮክ» ደግሞ ልጁ የራሱን መንገድ ሲመርጥ ይለቀዋል። የ2018ቱ ዳይሬክተር ኮሪ ባርሎግ በ2007 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍልም የሠራ ሰው ነው፤ በመሃል እሱ ራሱ ልጅ ወልዷል።

ኢስሊ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ዕድሉን ሊሞክር እራት ላይ ይጠይቃል።

«አባዬ፣ ሞያሌን እንዴት ነው የተሻገርከው?»

«ጥናትህን ጨረስክ?»

ውይይቱ ይዘጋል። እኔ ከክሬቶስ መጥረቢያ ይልቅ ይህችን መልስ እፈራለሁ።

«ጊዜ የት አለኝ?» የሚሉ አሉ። ዋናው ታሪክ ሃያ ሰዓት ገደማ ነው። አርሰናል በአንድ የውድድር ዘመን 38 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል፤ ጭማሪ ደቂቃው ሳይታሰብ 57 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዷም አታመልጣቸውም። በመሃል የመብራት ቶክን ካለቀ እንኳ ዳኛው ሳያፏጭ ተሞልቶ ያድራል።

እናም አባቶች፣ የመጀመሪያውን ሰዓት አይታችሁ ማድነቃችሁን ተዉና ተቀመጡ። ጨዋታው የአንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ጆይስቲክ መግዛት አይጠበቅባችሁም። የሞያሌን ነገር ግን ተዘጋጅታችሁ ግቡ፤ ልጁ ይጠይቃችኋል።