ጥናቱ ተቆልፎ ይቀመጥልን

ሰሞኑን ሰፈራችን አየር ጤና ውስጥ አንድ አደገኛ አስተሳሰብ እየተዛመተ ነው። ስለ አዝማሪ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ክራርና ስለ ማሲንቆ የተጻፉ ጥናቶች ሕዝቡ እጅ መግባት አለባቸው ይላል። መጀመሪያ በጡረተኞች ቡና ላይ ተሰማ፤ ከዚያ ወደ ጉልት ወረደ፤ አሁን ታክሲ ተራ ደርሷል። ሥር ሳይሰድ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ሁሉ ሥራ ስላለበት ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ።

ቅሬታው እንዲህ ነው። የባህል ሙዚቃ ጥናት የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ አለዚያም በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ ነው። ከተጻፈ በኋላ የውጭ መጽሔት ላይ ይወጣል። አሳታሚው አንዷን ጽሑፍ ለማስነበብ 30 ወይም 40 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ለ48 ሰዓት ብቻ የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ዘፈኑን በነፃ የሰጠው ሰው ስለ ዘፈኑ የተጻፈውን ለማየት የወር አስቤዛውን ማጠፍ ሊኖርበት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም። የምክደው ጥፋት ነው መባሉን ነው።

ጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ ጎረቤቴ፣ አንድ ተማሪ የሠርግ ዘፈናቸውን ቀርጾ ከሄደ ወዲህ ነገሩ አልወጣላቸውም።

«የጻፈውን እኔ ካላነበብኩት ታዲያ ማን ያነበዋል?» አሉኝ።

«ሁለት ገምጋሚዎች፣ እትዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

አልተዋጠላቸውም። ሰው የገዛ ጥቅሙን ሳይረዳ ሲቀር ታሪክ መጥቀስ ግድ ይላል።

ሙዚቃ ከልብ ሲደመጥ ምን እንደሚከተል እንይ። ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጡ የተነሣ ጦሩን በካህኑ እግር ላይ ተከለው፤ ወጊውም ተወጊውም ዜማው እስኪያልቅ አላወቁም ይላል ትውፊቱ። ንጉሡ በዚያች ሰዓት ዜማውን በመስማት ፈንታ ስለ ዜማው የተጻፈ የ30 ገጽ ጽሑፍ ይዞ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ምንም። ጦሩ ግድግዳ ተደግፎ ይውል ነበር። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፍሪ የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። በእነዚህ ሦስት ቅጾች የተነሣ እስከ ዛሬ እግሩ የተወጋ ሰው የለም።

ያ ሩቅ ዘመን ነው ለሚለኝ ቅርቡን ልንገረው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዩን፣ ተረት አውሪውንና ዘዋሪውን ዘፋኝ እየለቀሙ እንዲረሽኑ አዘዘ። ሰሙ ሲዘፈን ወርቁ ገበያ ለገበያ እንደሚዞር ፋሽስቱ ደርሶበት ነበር። አዝማሪውን የዚያን ያህል ከቁም ነገር የቆጠረ መንግሥት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። የዛሬው ጥናት ግን ዙሪያውን በከባድ ቃላት ስለታጠረ የትኛውም ጨካኝ ገዥ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ይህን ጥበቃ ለአዝማሪው የሰጠው ምሁሩ ነው፤ ምስጋና ሲገባው ይወቀሳል።

የክራሩንም ነገር እንየው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ (ዶ/ር) እ.ኤ.አ. በ1977 «ኢትኖሚዩዚኮሎጂ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ስለ ክራር አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። ርዕሱ ላይ ክራር «የሰይጣን መሣሪያ» ተብሏል። በገናው የዳዊት፣ ክራሩ የሰይጣን መባሉ የቆየ የአገር እምነት ነው፤ እሳቸው አጠኑት እንጂ አልፈጠሩትም። ግን ይኸው ርዕስ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አየር ጤና አደባባይ ላይ በጋዜጣ አዟሪ እጅ ቢወጣስ? ክራር የሚለማመድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ከርዕሱ ሳታልፍ ክራሩን ምድጃ ትከተው ነበር። በእንግሊዝኛ በመውጣቱ ስንት ክራር እንደተረፈ ቆጥሮ ያመሰገነ የለም።

በነገራችን ላይ ክራር ከሰይጣን የተላቀቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን አገር ነው። ሆርንቦስቴልና ዛክስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የዓለምን የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ በቁጥር መደቡት፤ በዚያ አመዳደብ ክራር 321.21፣ በገና ደግሞ 321.22 ላይ ይወድቃል። ልዩነታቸው የሰይጣንና የዳዊት መሆኑ ቀርቶ የአንዱ ሆድ ጎድጓዳ፣ የሌላው ሣጥን መሆኑ ብቻ ሆነ። ቀበሌ ለቤታችን ቁጥር እንደለጠፈው ነው፤ ቁጥሩ ውስጥ ማን እንደሚጸልይና ማን እንደሚሰክር አይናገርም። የሚናገር ቁጥር ደግሞ ማንም አይፈልግም።

ስለ ማሲንቆ ረጅም ነገር አልናገርም። ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት የዶክትሬት ጥናት ሠርተዋል። የሙዚቃ ምሁራን የግማሽ ድምፅን አንድ መቶኛ ሳይቀር ይለካሉ። አንድ የሠርግ አዝማሪ ይህን ልኬት ቢያገኝ፣ ትዝታው ትናንት ከተጫወተው በስንት መቶኛ እንደሸሸ ለማጣራት ጨዋታውን ያቆማል። ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ጠጅ የቀማመሰው አጃቢ ግን አይጠብቅም።

የመከላከያዬ ምሰሶ ግን ላሊበላው ነው። ላሊበላ፣ በሌላ ስሙ ሐሚና፣ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው። እሱ ያዜማል፤ እሷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትቀበለዋለች። በር አያንኳኳም፤ የቆርቆሮ አጥር ድምፅ አያግድም። መጀመሪያ ውሻው ይጮኻል። ቀጥሎ የአባወራው ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የእማወራዋ፤ ቀጥሎ የልጆቹ፣ የተመረቀው ከነማዕረጉ። ይህን ሁሉ ከጎረቤት ወይም ከጥበቃው ቀድሞ አጣርቷል። ከሰጡት አገር የሚያህል ምርቃት ያወርዳል፤ ከነፈጉት ደግሞ ንፉግነታቸውን ሦስት ግቢ ወዲያ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ያልፋል። የመኝታ ቤቱ መብራት በርቶ የጠፋበት ቤት ከሁሉ የባሰውን ይሰማል።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ ሰው የግል መረጃችንን ያለ ፈቃድ ሰብስቦ በአደባባይ ያውጃል። ምሁሩ ግን ላሊበላውን በፊርማ አስፈቅዶ፣ ስሙን ሰርዞ፣ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 4» ብሎ በክብር ያስቀምጠዋል። ዕድሜ ልኩን የሰው ስም ሲጠራ የኖረ ሰው የራሱ ስም ተጠበቀለት። ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ 40 ዶላሩን ከፍሎ ጽሑፉን ቢያገኝ እንኳ አባቱ የትኛው ቁጥር እንደሆነ አያውቅም። ጥበቃ ማለት ይህ ነው።

ላሊበሎች ማዜሙን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት የታወቀ ነው። ከአየር ጤና ወደ ከተማ ስትሄዱ ደግሞ ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ። እዚያው ግቢ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ይገኛል። እንግዲህ ስለ አንዱ በሽታ ሐኪሙም የሙዚቃ ምሁሩም ይጽፋሉ ማለት ነው። የሐኪሞቹ ጥፋት ጽሑፋቸው መነበቡ ነው። ተነበበና መድኃኒት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ፤ እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ሕክምና የሚድን በሽታ ሆነ። መዘዙን አስተዋላችሁ? ላሊበላው የሚያዜምበት ምክንያት ከሥሩ ተናጋ። የሙዚቃ ጥናቱ ግን ከዚያ ምክንያት ላይ ቅንጣት አልነካም፤ ማን አንብቦት! ሐኪሞቹ ለባህል ጥቂት ቢያስቡ ኖሮ ግኝታቸውን በፈረንሳይኛ ጽፈው ይቆልፉበት ነበር።

ያልተጠና ሀብት እጃችን ላይ እንዳለ ማሳወቅም ግዴታዬ ነው፤ የወያላ ጥሪ ማለቴ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ያውቀዋል። የሜክሲኮው ወያላ ቃሉን ሦስቴ ይደጋግምና የመጨረሻዋን ፊደል ይውጣታል። የዓለም ባንኩ ሲቸኩል «ዓለም»ን ይተወውና «ባንክ! ባንክ!» ይላል፤ እንግዳ ሰው ገንዘብ የሚታደል ይመስለዋል። ዕንቁው ግን «የቀረ አንድ ሰው!» ነው። ውስጥ አራት መቀመጫ ባዶ ነው። አንድ ደኅና ምሁር ይህ አባባል ቁጥር ሳይሆን የዜማ ማሳረጊያ መሆኑን በ25 ገጽ ያስረዳልን ነበር። ያስረዳ፤ ወያላው ብቻ እንዳያነበው። ካነበበ መቁጠር ይጀምራል። «የቀሩ አራት ሰዎች!» ተብሎ ከተጠራ ደግሞ ማን ቀድሞ ይገባል? የምዕራብ አዲስ አበባ ሠራተኛ በሙሉ አስፋልት ላይ ይቀራል።

ተቃዋሚዎቼ «ኢትዮፒክስ»ን ይጠቅሱብኛል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙዚቃችንን በተከታታይ ሲዲ አውጥቶ ማንም ገዝቶ እንዲሰማው አደረገ፤ አሥራ አንደኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። ታዲያ ምን ተረፈን? የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ በዚህ ከቀጠለ ፈረንጁ ሁሉ ባቲን ከአምባሰል እየለየ ሊያስቸግረን ነው። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባሉ ጃፓናዊ ደግሞ ይባስ ብለው ስለ ጎንደር አዝማሪዎችና ስለ ላሊበሎች ፊልም ሠሩ። ፊልም ያልተማረውም ያየዋል። አጥር አንዴ ከፈረሰ እንዲህ ነው።

አገር ውስጥ ያለውስ የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ነው፤ መጽሔትም ያወጣል። ደግነቱ ከአየር ጤና እዚያ ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ታክሲ ይጠይቃል። መቆለፊያ ባልተገዛበት ቦታ ትራፊኩ ይቆልፋል።

መምህሩንም አትርሱት። ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃል። የታተመ ነው የተባለው፤ የተነበበ ያለ የለም። ሕዝቡ ማንበብ ከጀመረ መምህሩ እትዬ ፊት ቀርቦ «ይህን ዘፈን እኮ የምንዘፍነው ለሙሽራው እናት እንጂ ለሙሽራው አይደለም» የሚል እርማት ሊቀበል ነው። ለዚህ ዓይነት ግምገማ የሚሆን የማዕረግ መመሪያ አልወጣም።

ስለዚህ ጥናቱ እንዳለ፣ ባለበት፣ ከነቁልፉ ይቀመጥልን። ይህን አቋም የሚቃወም የአየር ጤና ነዋሪ ካለ መብቱ ነው። ተቃውሞውን በእንግሊዝኛ፣ ከ8 ሺህ ቃላት ሳያስበልጥ፣ ስሙን ሳይጽፍ ያቅርብ። ሁለት ገምጋሚዎች ያዩታል። አንዱ እኔ ነኝ።