ከምድጃ እስከ ጀልባ፦ ደብረ ታቦር ላይ ስለሚጀመር የውሃ ጉዞ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ናሙና አንድ ቤተሰብ ነው፤ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት አገልግል፣ ሦስት ባዶ ጀሪካንና አንድ ጃንጥላ። ናሙናው አነሰ የሚል ተቺ ካለ፣ እስቲ እሱ ዘጠኝ ዘመድ በአንድ ማለዳ ከደብረ ታቦር አስነስቶ ጣና ዳር ያድርስ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

የጥናቱ ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው። የተከራየነው ጀልባ ከባሕር ዳር የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ታዲያ ሰው ከቤቱ በስንት ሰዓት ይውጣ? እቤት ያለው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ ቆጥሮ «11 ሰዓት ተኩል» አለ። ልጅ በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ አይገባም ተብሎ ዝም እንዲል ተደረገ።

ትልልቅ ሰዎቹ የተያዙት በቀን ቆረጣ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ አገልግሉ ዶሮ አይዝም፤ ዶሮ ያልያዘ አገልግል ደግሞ በአያቴ ሚዛን መንገድ አያስወጣም። እሑድ ቅዳሴ አለ። ማክሰኞ የአክስቴ እድር ነው። ሐሙስ ተቆረጠ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤት ለቅሶ ተቀመጡ። ቅዳሜ እንዳይባል ወሩ ጥር ነው፤ በጥር ቅዳሜ ያልተጋበዘ ሰው ወይ ከሰው ተጣልቷል ወይ ከአገር ወጥቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሙሽሮቹ የሩቅ ዘመድ የሆኑበት አንድ ቅዳሜ ተገኘ።

በመካከሉ አጎቴ ማታ ማታ ለሹፌር እየደወለ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ በአገራችን ከሁሉም ቀድሞ የሚጠየቅ ሆኗል፤ ጥናቱም አይቀልድበትም። «ሰላም ነው» ተባለ፤ ተመስገን ተባለ።

ሹፌሩ 11 ሰዓት በር ላይ ነኝ ብሎ ነበር፤ 11 ሰዓት በር ላይ ተገኘ። ይህ ያልታሰበ ክስተት የጥናቱን ውጤት ሊያዛባ ምንም አልቀረውም፤ ደግነቱ ቤተሰቡ አልተዘጋጀም። አያቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቡና ጥደዋል። አቦል ተጠጥቷል፣ ቶና እየተቀዳ ነው፣ በረካ ሳይጠጣ መንገድ የሚወጣ ሰው በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ሹፌሩም ገብቶ ተቀመጠ፤ የባሰው እዚህ ላይ ነው፣ እንግዳ ስለሆነ ቁርስ ቀረበለት።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይነሳል። የሰዋስው መጻሕፍት «ወጣን» ኃላፊ ጊዜን ያመለክታል ይላሉ። በመስክ የታየው ሌላ ነው። እናቴ በስልክ ለባሕር ዳሯ አክስቴ «ወጣን እኮ!» ስትል አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው፣ ሌላኛው ጫማ እየተፈለገ ነው። ወንድሜ «መጣሁ» ብሎ ሄደ። አማርኛችን ገና ያልተደረገን ነገር ተደርጎ እንዳለቀ አድርጎ የመናገር ጸጋ ስላለው፣ ቤተሰቡ በወሬ ወረታ ሲደርስ በአካል ጓሮ ነበር።

በመጨረሻ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ፤ ምድጃው በደንብ መጥፋቱን ማን አየ? ተመለስን። ጠፍቷል። እንደገና ወጣን፤ ማን ቆለፈ? ተመለስን። ተቆልፏል።

ለንጽጽር ያህል ከዚሁ ከተማ የተነሳ ሌላ ጉዞ እንይ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነበር። መንገድ አልነበረም፤ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ አስጠረጉ። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። አጥኚው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ሲያየው ያስቀናው አንድ ነገር ነው፦ ንጉሡ ሲወጡ ከተማዋን አቃጥለው ስለወጡ፣ «እሳቱን አጥፍተናል?» ብሎ የሚመልሳቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣና 1,800 ገደማ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ወደ ጀልባ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። አያቴ ስለ ውሃው ብዙ ሲፈሩ ነበር የከረሙት፤ ማዕበል ቢያናውጠን፣ ልጆቹ ቢያስመልሳቸው እያሉ ሎሚ አስቆርጠው፣ ፌስታል አስቆጥረው ይዘዋል። ውሃ ላይ ማንም አላስመለሰውም። አራቱም ትውኪያ የተመዘገበው በየብስ፣ አለም በር ከመድረሳችን በፊትና አለም በርን እንዳለፍን ነው። የባሕር ሕመም የሚባለው ነገር መነሻው ከባሕር ሳይሆን ከመስኮት መሆኑ ተረጋግጧል። አክስቴ «ብርድ ይመታኛል» ብላ አስዘግታው ነበር። ዘጠኝ ሰውና ሁለት አገልግል ዶሮ ባሉበት ሚኒባስ መስኮት ሲዘጋ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ልጁ «አየር እኮ ነው የሚያስፈልገው» አለ። እሱ ደግሞ እንደገና ዝም ተባለ።

ወረታ ላይ መንገዱ ከጎንደር ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። የመጣንበት መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ወረታን ከወልድያ ያገናኙበት ነው፤ የኛ ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከወረታ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል፤ ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርቱ የደረሰበት ወቅት ነበር። አክስቴ በመንገድ ዳር የተቆለለውን ሽንኩርት አየች፣ ዋጋ ጠየቀች፣ «በነጻ ነው እኮ!» አለች። ስንመለስ እንገዛለን ብንላት፣ ስንመለስ እንደሚወደድ ከየት እንዳወቀች ሳትነግረን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አስጫነች። በዚህም የተነሳ ሽንኩርቱ ጉማራን ተሻግሮ፣ ሐሙሲትንና ዘንዘልማን አልፎ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ አቋርጦ፣ «ሚኒባሱ ውስጥ ይሰረቃል» ስለተባለ ከቤተሰቡ ጋር ጀልባ ተሳፍሯል።

ሰዓቱ? 4 ሰዓት ከሩብ። ጀልበኛው አልተቆጣም። ከደጋ የሚመጣ ቤተሰብ 2 ሰዓት ተኩል ሲባል 4 ሰዓት እንደሚደርስ በልምድ ያውቃል፤ እሱም የመጣው 4 ሰዓት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሳይመካከሩ በአንድ ሰዓት መገናኘታቸው ለጥናቱ የመጀመሪያው አስደሳች ውጤት ነበር።

በየብስ ተንገላትቶ ውሃ መድረስ የሰው ዕጣ ብቻ ነው ብሎ የሚያዝን ካለ ይጽናና። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብም ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ ነው ባሕር ዳር የደረሰችው። መርከብ እንኳ ጣና ለመግባት አስቀድሞ መኪና መሳፈር ግድ ሆኖበታል። ምድጃዋን ለማየት መመለሷ ግን አልተዘገበም።

ስለ ውሃው ጉዞ አጥኚው የሚጽፈው ብዙ የለም፤ ሁሉም ተኝቶ ነበር። ዘጌ ደርሰን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ ጀሪካኖቹ ጸበል ተሞልተው፣ ቡና ስንጠጣ ቡናውን ያፈላችልን ሴት ትናንት በመኪና ባሕር ዳር ገበያ ውላ መመለሷን በጨዋታ መሃል አነሳች።

አያቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በምን አልሽ?»

«በመኪና፣ እማማ። መንገድ አለ እኮ።»

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ በአንድ በኩል ከምድር ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የአምስተኛ ክፍሉ ተማሪ ከመጽሐፉ ያውቀው ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

በመመለሻችን ክብራን ገብርኤል ቆምን። ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ አራታችን ወረድን፤ አያቴ፣ እናቴ፣ አክስቴና ሁለቱ እህቶቼ ከሽንኩርቱና ከአገልግሉ ጋር ጀልባው ላይ ቀሩ። ስንመለስ አገልግሉ ተከፍቶ ነበር። መረቅ ተርፎልናል።

የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ዘጌ ድረስ በመኪና ይሁን የሚል ሐሳብ በአጎቴ ቀርቦ በአያቴ ተቃውሞ ወድቋል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ዕረፍት ያገኙት ጀልባው ላይ ብቻ መሆኑን አስመዝግበዋል። ሽንኩርቱ እስከ ሁዳዴ አጋማሽ አደረሰን።