ገድለ ባለ ባርኔጣ

በመጽሐፈ ስንክሳር ያልተመዘገበ፣ ዳሩ ግን በዛሬይቱ በርሊን ከብዙ ቅዱሳን ይልቅ ሥዕሉ የሚከበርለት፣ መልኩ በቡና ስኒና በሕፃናት ካልሲ ላይ ሳይቀር የሚታተምለት አንድ አጭርና ደንዳና ሰው አለ፤ ስሙ አምፔልማን፣ ደብሩም የትራፊክ መብራት ነው። አረንጓዴ ሲለብስ እየተራመደ ሕዝቡን ያሻግራል፤ ቀይ ሲለብስ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ያቆማል።

ይህን ጻድቅ የነገረ ልቡና ሊቁ ካርል ፔግላው ለምሥራቅ ጀርመን ባለ ሥልጣኖች ያቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1961፣ የበርሊን ግንብ መሠራት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ነበር። ባርኔጣው የከበርቴ ልብስ ነው ተብሎ እንዳይነቀፍበትም ሊቁ ሠግቶ ነበር። አቤት ርኅራኄ! ዜጋው ወደ ምዕራብ እንዳይሻገር በሽቦና በጥይት ያጠረ መንግሥት፣ ያው ዜጋ አስፋልት ሲሻገር መኪና እንዳይገጨው ተጨንቆ ባለ ባርኔጣ ሞግዚት ሾመለት። በማግሥቱ ዓመት በነሐሴ፣ ፔተር ፌክተር የተባለው የ18 ዓመት ወጣት አረንጓዴውን ሳይጠብቅ ለመሻገር በመድፈሩ በጥይት ተመትቶ፣ ከግንቡ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ደሙ ሲፈስ ቆይቶ ዐረፈ። ለእግረኛ ደንብ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከወዴት ይገኛል?

መንግሥቲቱ በ1990 ካለፈች በኋላ የተዋሐደችው አገር ሹማምንት ባለ ባርኔጣውን አውርደው የምዕራቡን ቀጭን ምስል ሊሰቅሉ ተነሡ። ያን ጊዜ ታላቅ ጩኸት ሆነ። ፋብሪካው ሲዘጋበትና ሥራው ሲወሰድበት አቤቱታው ያልተሰማለት ሕዝብ በዚህ ሙግት ረታ፤ ማርኩስ ሄክሃውዘን የተባለ የምዕራብ ሰው በ1996 የተጣሉትን የመብራት መስታወቶች ሰብስቦ ፋኖስ አድርጎ ሸጠ፣ ጻድቁን የሚያድን ማኅበር ተቋቋመ፣ ሹማምንቱም አፈገፈጉ። (ደንዳናው ገላው ከቀጭኑ ይልቅ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ ከሩቅም ጎልቶ እንደሚታይ አንክድም።) በግንቡ ላይ የወደቁት ቢያንስ 140 ነፍሳት ግን ስማቸው በስኒ ላይ አይታተምም፤ ገበያ የላቸውማ። የግል ንብረት ኃጢአት ነው ተብሎ በተሰበከበት አገር የተወለደው ጻድቅ ደግሞ፣ የንግድ ምልክትነቱ የማን ነው ተብሎ ሁለት ነጋዴዎች በላይፕሲግ ፍርድ ቤት ሲካሰሱበት እርሱ እንደ ልማዱ ክንዱን ዘርግቶ ዝም አለ።

እኛም ከዚያች መንግሥት በረከት አልቀረንም፤ በ1984 የካርል ማርክስን የድንጋይ ራስ ሰጥታን እነሆ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ እስከ ዛሬ ተተክሏል። ጢማሙን ለእኛ ልካ ባለ ባርኔጣውን ለራሷ አስቀረች። ስጦታ አይነቀፍም፤ ሆኖም እግረኛው ዜብራ ላይ ቆሞ የሾፌሩን ምሕረት በሚለማመንበት ከተማ፣ ምርጫው ለእኛ ተሰጥቶን ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን በለመንን ነበር፤ ጢማሙ እስካሁን ያሻገረው ሰው የለምና።