ዳዊት ያልደገመው ልጄ

ልጄ ከላስ ቬጋስ ደውሎ «ትምህርት ጀመርኩ አባባ» ያለኝ ቀን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። የምን ትምህርት እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ሞኙ አልጠየቅሁም። ልጠይቀው ስመጣ ለካ ቁማር ኖሯል! «መጫወት አይደለም እኮ፣ ማጫወት ነው» ይለኛል። አረቄ አልጠጣም፣ አወጣለሁ እንጂ እንደማለት። ደግሞ ኔቫዳ ቁማርን የፈቀደችው እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ነው ብሎ ያጽናናኛል፤ ኃጢአት ሲያረጅ ቅርስ ይሆን ይመስል።

እኛ የኔታ ፊት ፊደል የቆጠርነው አለንጋ እያየን ነው። እሱ ጣቱን የሚያሠለጥነው 20 ቺፕስ ሳያይ ቆጥሮ እንዲቆርጥ ነው። ካርታ መበወዙም እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አለው። በሩሌት አንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ያሸነፈ 35 እጥፍ ይከፈለዋልና፣ ገላውን እየታጠበ «35 ሲባዛ በ17» እያለ ያነበንባል። ውዳሴ ማርያም አልያዝ ብሎት ቄሱን ያስመረረው ይኸው ልጅ! የሩሌቱን ቁጥሮች ከ1 እስከ 36 ደመርኳቸው፤ 666 መጣ። ደግሜ ደመርኩ፤ ያው ነው። ባሳየው «ክፍያውን አይለውጠውም» አለኝ።

ቡና አቀብሎኝ ሲነሣ እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ወደ ጣሪያ ይገለብጣል። አጫዋች ከጠረጴዛው ሲነሣ ቺፕስ እንዳልደበቀ ለካሜራ ማሳየት አለበት አሉ። እዚህ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ግን ዕጣን ባጨስን ቁጥር የሚጮኸው ዕቃ ብቻ ነው።

ማታ ማታ ብላክጃክ የሚለማመደው በእኔ ነው። ገንዘብ አላስይዝም፤ ሽንብራ ነው። አጫዋቹ 16 ከያዘ ካርታ መጨመር ግዴታው ነው፣ 17 ሲደርስ ይቆማል። አስ ካለበት ሌላ ጣጣ አለው፤ እሱን ተዉት። እኔ ቁጥሩን የምይዘው በበዓላት ነው፦ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 17 እስጢፋኖስ፣ 21 ማርያም።

ትናንት 12 ሽንብራ አስይዤ ኪዳነ ምሕረት ወጣችልኝ። «ጨምር» አልኩት። 7 መዘዘ።

«23፤ ከ21 አልፏል። ተበልተዋል አባባ» ብሎ ሽንብራዬን ጠራርጎ መዳፉን ለጣሪያው አሳየ።

ጊዮርጊስ መጥቶልኝ እንዴት ነው የምበላው?